መጀመሪያ ማስነሻው

ሄይን ትሪዋን በዕቃ መመለሻው መስኮት አስገባች። ከሩዝ ሳህኑ ክዳን ስር ከጥፍር የማትበልጥ የመረጃ ካርድ አለች።

ቢጫ ጓንት ያጠለቀ እጅ ትሪውን ሳበው።

«ዛሬም ሩዙን አልጨረስሽውም? ኧረ ንፋስ ይወስድሻል!»

«ጠገብኩ እትዬ።»

በቃ። ዕቃው ተላለፈ።

እትዬ ቾን በዚህ ፋብሪካ ምግብ ቤት ዕቃ ሲያጥቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የመርማሪዎቹ ዋና ቢሮ ሄደው ለመርዳት ቃል የገቡ ዕለት፣ ለምን እንደሚረዱ ሲጠየቁ «ሌባ አልወድም» ብቻ ነው ያሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ ሲለቁ ካርዷን በጓሮ በር ለ«አጎት» ያስረክባሉ። አጎት የሄይን አለቃ የምስጢር ስም ነው። የእሷ ደግሞ «ቀንድ አውጣ»። አሥር ወር ሙሉ በኢንቾን ከተማ በዚህ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ የሰነድ ክፍል ሠራተኛ መስላ፣ ዳይሬክተር ታክ የኩባንያውን ንድፍ ለውጭ ገዢ የሸጠባቸውን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ለቅማለች።

ድምፅ ማጉያው አንቋረረ።

«ለሠራተኞች በሙሉ! ሰባት ሰዓት ላይ የላፕቶፕ ፍተሻ ይደረጋል። ፍተሻው እስኪያልቅ ከግቢ የሚወጣ ሰው አይኖርም!»

ሰዓቷን አየች። ስድስት ከሩብ።

በሮቹ ሲቆለፉ ተሰማት።

ላፕቶፗ ውስጥ ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። አንዱ የኩባንያው ነው፣ ሁሉም ሰው ያለው። ሌላው የራሷ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንዲት ቁልፍ ካልተጫነች አይከፈትም። የታክ ደብዳቤዎች ሌላው ቅጂ ያለው እዚያ ነው። ፈታሾቹ ይህንን ካገኙት የሚወስዷት ሰባተኛ ፎቅ፣ ታክ ራሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ በአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ አንድ ሲስተም መመለስ አለበት።

ደረጃው ስር ገብታ ደወለች።

«አጎት፣ ፍተሻ አለ። ተዘግቶብኛል።»

«ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን የዲስክ ክፍል ባንዴ ሰርዢው። ሌላ ነገር አትነካኪ።»

«ማስነሻውስ?»

«ተይው አልኩሽ! ጊዜ የለሽም። እኔ ዕቃዋን ከሴትዮዋ እቀበላለሁ።»

«እሺ።»

ስልኩን ዘጋች። እዚያው ቁጭ አለች።

ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም የተተከለው እዚያው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ባንዴ ከተሰረዘ ማስነሻውም አብሮ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ተገትሮ ይቀራል። ፈታሽ ፊት ከዚህ የባሰ ምን ማስረጃ አለ? መጀመሪያ ማስነሻውን ለኩባንያው ሲስተም መመለስ፣ ከዚያ መሰረዝ ነው። ይህን ማን አስተማራትና? ራሱ አጎት! ሦስት ቀን ሙሉ፣ በተሳሳተች ቁጥር ጣቷን በእርሳስ እየመታ።

ያ ሰው አይሳሳትም።

ሸጧታል።

«አይ አንተ ጉድ!» አለች በሹክሹክታ። እንደ አባቷ ነበር የምታምነው፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ አንገበገባት።

ካርዷ አጎት እጅ ከገባች ጠፋች። የላፕቶፑን ቅጂ ከሰረዘች አሥር ወር ልፋት ውሃ በላው። ካልሰረዘች ደግሞ ትያዛለች። እትዬ ቾን በጓሮ በር መውጣት የለባቸውም፤ ግን ወጥ ቤት መግባት ክልክል ነው፣ ካሜራው አፍጥጧል፣ ግቢው ተቆልፏል። ዛሬ ከዚህ ግቢ ሊወጣ የሚችለው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው።

የተባረረ ሠራተኛ። በዋናው በር፣ ወዲያውኑ፣ በዘበኛ ታጅቦ።

ሌላ መንገድ ፈለገች። አጣች።

ወደ አዳራሹ ተመልሳ ከዕቃ መመለሻው መስኮት ጠርዝ ላይ ከድስት መፈተጊያ ሽቦ አንዲት ቁራጭ አነሳች። ሾርባ ቀድታ ሽቦዋን ጨመረችበትና ተቀመጠች። ከዚያ ማንኪያዋን ወረወረች።

«ይሄ ምንድን ነው?! ሽቦ ልታበሉን ነው?»

የምግብ ቤቱ ኃላፊ እየሮጠ መጣ።

«ዕቃ ያጠበው ማነው ዛሬ?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ቾን፤ ጓንታቸው ውሃ ያንጠባጥባል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቅሬታ ቀርቦባቸው አያውቅም፤ በዚህ እንደሚኮሩ የማያውቅ ሰው የለም።

«ይቅርታ ይጠይቋታ! ምን ይገትርዎታል?»

መጥተው ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ አሉ። ጆሯቸው ከሄይን አፍ ስር ሆነ።

«አጎት ሸጦናል። ለማንም አይስጡ፣ ዋናው ቢሮ ራስዎ ያድርሱ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። ወዲያው ጮኸች። «እኚህን ሴትዮ ሁለተኛ እዚህ ማየት አልፈልግም! አሁኑኑ ይባረሩልኝ!»

ቀና አሉ። ገብቷቸዋል። ዓይናቸው የሞላው እንባ ግን የማስመሰል አልነበረም።

የሥራ ጓደኛዋ ቦራም ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ፣ ምን ነክቶሽ ነው? እናትሽን የሚያክሉ ሰው እኮ ናቸው!»

«ልቀቂኝ።»

ኃላፊው እትዬ ቾንን እዚያው አሰናበታቸው። ሄይን ከቢሮዋ መስኮት ቁልቁል አየች። ዘበኛው የእትዬ ቾንን ፌስታል በረበረና በዋናው በር አስወጣቸው። ካርዷን የት እንደደበቋት እስከ ዛሬ አታውቅም።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ሁለት።

መጀመሪያ ማስነሻውን ለኩባንያው ሲስተም መለሰች። አጥፍታ አበራችው። ራሱን ችሎ ተነሳ። ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል መረጠች። ሰረዘችው። አሥር ወር፣ በአንድ ቁልፍ። የቀረው ባዶውን ቦታ ከኩባንያው ክፍል ጋር መቀላቀል ነው። ቁጥሩ እየተንፏቀቀ ወጣ። አርባ። ስልሳ። ሰባ አንድ።

ሰባ አንድ ላይ ቆመ።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ።

«ኧረ ተንቀሳቀስ! በእናትህ ተንቀሳቀስ!»

ሰማንያ። ዘጠና አራት።

ፈታሹ ናም ሁለት ዘበኛ አስከትሎ ገባ። አሥራ አንድ ጠረጴዛ አልፎ ቀጥ ብሎ እሷ ጋ መጣ።

«ከአንቺ እንጀምር። አጥፍተሽ አብሪው።»

መቶ።

አጠፋችው። አበራችው።

ጥቁር ስክሪን።

አንድ ሰከንድ። ሁለት። ሦስት።

የኩባንያው መለያ ብቅ አለ።

ናም ፊቱ ተለዋወጠ። እንደገና አስነሳውና ጣቱን አንዲት ቁልፍ ላይ ሰደደ። ያችን ቁልፍ የሚያውቁት እሷና አጎት ብቻ ነበሩ። ምንም አልተከፈተም። ዲስኩን አገላብጦ አየ። አንድ ክፍል፣ አንድ ሲስተም።

«ሌላ ላፕቶፕ አለሽ?»

«ይቺኑ ለመስጠትስ ስንት ወር አስለመናችሁኝ!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ናም አልሳቀም። ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ።

ካርዷ ደርሳ ነበር፤ በአራተኛው ቀን መርማሪዎቹ ታክን ከቁርስ ገበታ ላይ ይዘው አነሱት። አጎትን ከጥርስ ሐኪም ወንበር። ለእሷ የደረሳት ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ሦስት ሳምንት ባለሽበት ቆዪ፣ ለማንም ምንም አትናገሪ። የእትዬ ቾንን ስም እንዲያጠሩላቸው ለመነች። እምቢ አሉ። ሴትዮዋ ነፃ ናቸው ከተባለ ሽቦው ከየት መጣ ይባላል፤ ያኔ ሁለቱም ይጋለጣሉ።

ቆየች። ምሳ ላይ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ ከእሷ በቀር ባዶውን ዋለ። የአዲሷ አጣቢ እጅ ትሪዋን ሲቀበል ድምፅ የለውም።

በመጨረሻው ቀን እንደ ወጉ የስንብት የሩዝ ኬክ አዞረች። ማንም አላነሳም። ቦራም ብቻ እስከ አሳንሰሩ ተከተለቻት።

«ሆድሽ ይጨክናል። እኔ የምልሽ፣ ያባረርሻቸውን ሴትዮ ስማቸውን እንኳ ታውቂዋለሽ?»

ቾን ማልሱን። ክረምት ሲመጣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከዚህ ሕንፃ ሁሉ፣ መብላት አለመብላቷን ያዩላት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አላውቅም» አለች ሄይን።

በሩ ተዘጋ። ታች ወርዳ መታወቂያዋን ለዘበኛው መለሰች፤ ስሟን ሳያነብ ሳጥን ውስጥ ጣለው። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ ተሳፈረች።