ውሃው የሰመጠበት እሾህ

ነዒማ ጎህ ሲቀድ ስትነሳ የሰፈሯ ወንዶች ጠመንጃና ዱላ እያሰናዱ ነበር። ቦዩ ከደረቀ ሳምንት ሆኖታል፤ ሽንኩርቱ ከእንግዲህ ሦስት ቀን አይቆምም። የላይኛው መንደር ውሃችንን ሰረቀ ብለዋል። የመስኖና ድሬኔጅ ምህንድስና ተማሪዋ ነዒማ እስከ ማታ እንዲታገሷት ለመነቻቸው።

«ለክቼ ማስረጃውን አመጣለሁ» አለች። ሌቦቹ የላይኞቹ መሆናቸውን እሷም አልተጠራጠረችም።

የውሃውን ተራ ሲያከፋፍሉ የኖሩት ሽማግሌ ጋሼ አብዱልሰመድ አብረዋት ወጡ። ውሃው ከወንዙ ወደ ቦዩ ወደሚገባበት መጥለፊያ በገደሉ አፋፍ አቋረጡ። ፀሐዩ ድንጋዩን አጋለው። ነዒማ ሳትጠጣ፣ ሳታርፍ ትሮጣለች።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ገደል ነው።»

«ጊዜ የለንም ጋሼ።»

ከበላያቸው ዝንጀሮዎች ሲተራመሱ ድንጋይ ተንዶ ወረደ። ነዒማ ዘላ ስትሸሽ እግሯ ከዳት፤ ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። ሽማግሌው በሆዳቸው ተኝተው ሽመላቸውን ዘረጉላት። ይዛ ወጣች። የውሃ ኮዳዋ ግን ቁልቁል ተወረወረ።

መጥለፊያው ላይ ወልደማርያም የሚባል የላይኛው መንደር ገበሬ ጠመንጃ ደግኖ ጠበቃቸው።

«ከዚያ እንዳታልፉ።»

«ልጅቷ ልትለካ ነው የመጣችው» አሉ ጋሼ አብዱልሰመድ።

«ለክታ ሌባ ልትለን?»

ነዒማ ወደ ወልደማርያም ዞረች። «ያገኘሁትን እናገራለሁ። እርስዎም አጠገቤ ቆመው ይዩ።»

 ወልደማርያም አፈሙዙን ዝቅ አደረገ።

የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ለካች። የበቆሎ ቆረቆንዳ ውሃው ላይ ጥላ አሥር ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበትን ጊዜ ያዘች። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ለነዒማ ሰፈር የሚለቀቀው የውሃ ድርሻ ሙሉ ነበር። ፊቷ በሐፍረት ጋለ።

ሦስቱም ውሃውን ተከትለው ወረዱ። እሾህ የወረሰው ጥግ ላይ ውሃው ተሽከርክሮ ሰመጠ፤ ጃርት ከቦዩ ሥር ቆፍሮበታል። ነዒማ በደረቷ ተኝታ ክንዷን ወደ ቀዳዳው ስትከት አንድ ጥቁር እባብ ከጉድጓዱ ወጣ። ወልደማርያም ጠመንጃውን አነሳ።

«ተው፣ እሷን ትመታለህ» አሉ ሽማግሌው።

እባቡ በክንዷ ላይ ተሳበ። አልተነፈሰችም። ወደ እሾሁ ሲገባ ድንጋይ አቀብሉኝ አለች። ድንጋይና ጭቃ ጠቅጥቀው ደፈኑት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስቱ ከውሃው ቀድመው ሲወርዱ የሰፈሯን ወንዶች ጠመንጃና ዱላ ይዘው በደረቁ ቦይ ውስጥ ሽቅብ ሲመጡ አገኟቸው። ወንድሟ ሱፍዋን ከፊት ነበር።

«ይሄንን ሰው ምን ልታደርጊ አመጣሽው?»

«የሰረቀን የለም። ቀዳዳው በእኛ በኩል ነው፤ ሁለት ዓመት ቦዩን አልጠረግነውም። እኔም ጠዋት ሌቦች ናቸው ብዬ ነው የወጣሁት። ተሳስቻለሁ።»

 ከላይ ካለው የቦዩ መታጠፊያ ቅጠልና አቧራ እየገፋ ውሃው ደረሰ። ሱፍዋን እግሩ ሲርስ ቁልቁል አየ፤ ከቦዩም ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየወጡ ለውሃው መንገድ ለቀቁለት።