ከታላቅ ቀድሞ የቀመሰ

ኦይታ ወደ አገርነሽ ምግብ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ቀኝ እግሩን በቆዳ ጫማ፣ ግራ እግሩን በላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው። ሲቀላ ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ ቤት ምሳ ሲበላ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አገርነሽ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም።

«ወንድሜ፣ አንደኛው እግርዎ ሠርግ፣ ሌላኛው ውኃ ሊያጠጣ ነው የሚሄደው?»

ሰውየው እግሩን አየና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሠርግ የሚሄደው ገና ሙሽራዋን አላገኘም። እስከዚያ ይህኛው ሙዝ ያጠጣል» አላት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አገርነሽ ግን ፊቷ ጋለ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያሳቃት ወንድ አልነበረምና።

ኦይታ ከደጋው ከኦቾሎ የወረደ ሸማኔ ነበር። ሚስቱ ከሞተችበት ብዙ ዘመን አልፏል። ከገበያው ጀርባ ባለ የቆርቆሮ መጠለያ የሽመና ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ ጋቢና ዱንጉዛ የሚባል ባለ ቀለም ጨርቅ ይሠራል። አገርነሽ በዚያው ቀን እግሩ ምን ሆኖ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ የአውራ ጣቱ ሥር አልፎ አልፎ በድንገት እንደሚያብጥና እንደ ፍም እንደሚያቃጥለው፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው እንደማይችል፣ ሰንበት ብሎ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ እንደሚሆን ነገራት።

«ይተወኛል» ብሎ ጨረሰ።

አገርነሽ ይህን ቃል ትፈራዋለች። ባሏ ደረቱን ይዞ «ይተወኛል» እያለ ነው ያመለጣት። እንደዚያም ሆኖ፣ በዚያ ቀን ለማታውቀው ሰው ምን ትበለው? ዱለቱን ጨምራ አቀረበችለት።

ከዚያ በኋላ ኦይታ ምሳውን ሌላ ቦታ በልቶ አያውቅም። አገርነሽ የፍቅር ቃል አታውቅበትም፤ የምታውቀው ጭልፋ ነው። ሥጋ ቤቱ ጥሩ ኩላሊት ሲያመጣ ለእሱ ትደብቃለች። ጉበቱን ለስለስ አድርጋ ትጠብሳለች። ልጇ ሔርሜላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር ጎልማሳ ናት፤ አንድ ቀን ሳህኑን አይታ፣ «እማዬ፣ እኔን ስታሳድጊ ይህ ሁሉ ኩላሊት የት ነበር?» ብላ ቀለደችባት።

አንድ ከሰዓት ኦይታ ሥራውን እንድታይ ጋበዛት። አገርነሽ ሸማኔ በእጁ ብቻ የሚሠራ ይመስላት ነበር። ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን ስታይ ግን የእግሩ ጣቶች ገመዶቹን ጨብጠው ሲወርዱና ሲወጡ፣ ድሩም በእነሱ ትእዛዝ ሲከፈትና ሲዘጋ አየች።

«እጄ ቢታመም ሰው ይረዳኛል» አላት። «ይቺ አውራ ጣት ካመፀች ግን ድሩ አይከፈትም። ድሩ ካልተከፈተ እኔ ሰው አይደለሁም።»

«ሰው መሆንህን ጣትህ አይደለችም የምትነግረኝ» አለችው። «አንተ» ያለችው ሳታስበው ነው። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ መወርወሪያውን ወረወረ። ፈገግታውን ግን አልደበቀም።

መስቀል ሲቃረብ ስለ መጋባት ተነጋገሩ። በዓሉን ኦቾሎ ከወንድሙ ጋር አክብሮ ሲመለስ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገባ። በዋዜማው ለመሰናበት ሲመጣ አገርነሽ ባዶ ሆዱን ልትሸኘው አልፈለገችም። ጉበትና ኩላሊት ጠብሳ፣ ለብርዱ አረቄ ቀዳችለት። እሱ ሳህኑን አይቶ ትንሽ አመነታ። እሷ፣ «የእኔን እጅ ሳትቀምስ ልትሄድ ነው?» አለችው። በላ። ጠጣ። ወደ ደጋ ወጣ።

መስቀል አለፈ። የሲቀላ ሸማኔዎች አንድ በአንድ ተመለሱ። ሽማግሌ ግን አልመጣም። አገርነሽ በሩ ላይ ጥላ ባየች ቁጥር እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትነሣለች፤ የሚገባው ሌላ ሰው ነው። በኋላ ሔርሜላ ኦይታ እንደተመለሰና መጠለያው ውስጥ ዘግቶ እንደሚውል ሰምታ መጣች። አገርነሽ ቂሟን ዋጠች። ታሞ ይሆናል ብላ ከአጥንት መቅኔና ከኩላሊት ሾርባ ሠርታ በልጇ እጅ ላከች። የመጀመሪያው ሳህን ባዶውን ተመለሰ፤ ደስ አላት። በማግሥቱ የላከችው ግን ሳይነካ፣ ሞራው ረግቶበት መጣ።

«በቃ» አለች አገርነሽ ሳህኑን እያጠበች። «የደጋው ቤተሰብ የቆላ መበለት አልፈለገም። ፊት ለፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት...»

ሔርሜላ ሳህኑን ከእጇ ወሰደችባት። «እማዬ፣ ስሚኝ። ሰውየው በዱላ እንኳ ሊቆም አይችልም። ዛሬ ያየሁት በዳዴ ሲሄድ ነው። ምግብሽን ጠልቶ ይሁን እግሩ ታሞ፣ ሄደሽ አትጠይቂውም?»

አገርነሽ ሽርጧን ሳትፈታ ሄደች።

ኦይታን ከጉድጓዱ ጎን በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እግሩ ትራስ ላይ ነው። አውራ ጣቱ ቀልቶና አብጦ የበሰለ ቲማቲም መስሏል። ቁርጭምጭሚቱም ተነፍቷል። ግማሹ የተሠራ ጋቢ ድሩ ላይ እንደተወጠረ አቧራ ለብሷል።

ፊቱን አዞረ። «አትዪኝ አገሬ» አላት።

እሷ አጠገቡ ተቀመጠች።  የሆነውን ነገራት። በእነሱ ቤት ለመስቀል፣ ከዋዜማው ጀምሮ፣ ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ ሥጋ ወደ አፉ አያስጠጋም። እሱ ግን በዋዜማው እሷ ቤት በላ። ኦቾሎ በደረሰ በንጋታው ጣቱ ነደደ፤ በሬው ሲታረድ እንኳ መቆም አቃተው። ታላቅ ወንድሙ አለምሰገድ ቀደም ብሎ የቀመሰው ነገር እንዳለ ጠየቀው። ኦይታ መዋሸት አልቻለም።

«ጎሜ ነው አለኝ። ደንብ የሻረ ሰው ላይ የሚወርድ ቅጣት ነው። የበላህበትን ቤት ካልተውክ እግርህ አይለቅህም አለኝ። እኔ አንቺን መተው አልፈለግሁም። ሾርባሽን ስበላ ግን ይኸው ባሰብኝ። ታዲያ ምን ልበል? ቅጣት ካልሆነ ምንድን ነው? አንካሳ ሆኜስ ምን ይዤ ሽማግሌ ልላክ?... ይተወኛል ብዬ ጠበቅሁ።»

አገርነሽ ተነሣች። ዱላውን አንሥታ አስጨበጠችው።

«እኔ በዚህ ቃል አንድ ባል ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም። ቅጣት ከሆነ አብረን ይቅርታ እንጠይቃለን። በሽታ ከሆነ ግን የደበቀው ሰው መድኃኒት አያገኝም። ተነሥ፣ ባጃጅ ጠርቻለሁ።»

ባጃጁን ገና አልጠራችም ነበር። ወጥታ ጠራች።

ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለቻቸው ሐኪም ብሩክታዊት ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ አትቸኩልም። ትኩሳቱን ለካች። ደሙን አስመረመረች። ካበጠው ቁርጭምጭሚት በቀጭን መርፌ ትንሽ ፈሳሽ ቀድታ ላቦራቶሪ ላከች። መገጣጠሚያ ያበጠበት ሁሉ ሪህ ነው ማለት እንዳልሆነ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ካለ መገጣጠሚያው በጀርም ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን እንኳ ማሳደር አደገኛ መሆኑን እየሠራች ነገረቻቸው። ውጤቱ ሲመጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሪህ ነው» አለች። «በደምዎ ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በዝቶ፣ መገጣጠሚያዎ ውስጥ እንደ ስብርባሪ መስታወት ተከማችቷል። ለዚህ ነው የሚወጋዎት። ምግብዎ ምንድን ነው?»

ኦይታ አገርነሽን አየ። 

«ጉበት» አለች አገርነሽ። «ኩላሊት። የመቅኔ ሾርባ። በዋዜማው አረቄ።» እንባዋ መጣ። «ያበላሁት እኔ ነኝ፣ ዶክተር። በገዛ እጄ...»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ምግቡ ሕመሙን እንደሚቀሰቅሰው፣ ብቻውን ግን እንደማያመጣው አስረዳቻት። በዘር ይመጣል፤ ኩላሊትም ሲደክም ይመጣል። እብጠቱን የሚያበርድ መድኃኒት አዘዘችለት። ጣቱን እንዳያሹት፣ አሳርፎ ከፍ አድርጎ እንዲያስቀምጠው፣ ውኃ አብዝቶ እንዲጠጣ፣ ከአረቄና ከሆድ ዕቃ እንዲርቅ መከረችው። ደሙ ውስጥ ያለውን የሚቀንስ የየዕለት ክኒን ወደፊት ስትጀምርለትም፣ ሕመሙ ጠፋ ብሎ በራሱ እንዳያቆም አጥብቃ ነገረችው።

የመድኃኒቱን ወረቀት ያነበበችው አገርነሽ ናት። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ፊደል አይገዳትም፤ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችለት። ከጨረሰች በኋላ ግን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆም አለች።

«ከእንግዲህ ቤቴ አትምጣ» አለችው መሬት መሬት እያየች። «ወንድምህ ልክ ነው። የጎዳህ የእኔ ቤት ነው።»

ኦይታ በዱላው ተደግፎ አያት።

«ሐኪሟ የከለከለችኝ ጉበት ነው፣ አገሬ። አንቺን መች ከለከለችኝ?»

አገርነሽ እያለቀሰች ሳቀች። ሽሮና ጎመንም ጥሩ አድርጋ እንደምትሠራ ነገረችው። እሱም እስከዛሬ ለምን ደበቅሽኝ ብሎ ጠየቃት።

እብጠቱ በረደ። ጣቱ ከገመዱ ጋር ታረቀ፤ ድሩ ተከፈተ። የቀረው ኦቾሎ ነበር። ኦይታ ሽማግሌ በመላክ ፈንታ ራሱ ሊወጣ ተነሣ። አገርነሽ ብቻህን አትሄድም አለችው።

አለምሰገድ በእንሰቱ መካከል ካለው ቤቱ ደጃፍ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። ከሥሩ የአባያ ሐይቅ ተዘርግቶ ይታያል። አገርነሽ ከመንገድ የነጨችውን እርጥብ ሣር ለኦይታ ከፍላ ሰጠችው። ሁለቱም ሣሩን በእጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው አይቶ ፊት የሚያዞር የለም።

ኦይታ ከታላቁ ቀድሞ በመቅመሱ ይቅርታ ጠየቀ። አገርነሽም፣ «ያበላሁት እኔ ነኝ። ደንባችሁን አላወቅሁም። አጥፍቻለሁ» አለች።

 አለምሰገድ እንዲነሡ በእጁ ምልክት ሰጠ። ያኔ ጋቢው ከክንዱ ላይ ተንሸራተተና አገርነሽ አየች። ክርኑ ላይ ባቄላ የሚያህል ነጭ እባጭ አለ። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሐኪሟ በዘር ይመጣል ያለችው ትዝ አላት።  ዝም ብትል ነገሩ በሰላም ያልቃል። ዝም ማለት ደግሞ ምን እንደሚያስከፍል ታውቃለች።

«ጋሽ አለምሰገድ፣ ይህ ጣትዎ ከመቼ ጀምሮ ያምዎታል?»

«ቆይቷል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ይተወኛል።»

«ኦይታ ከታላቁ ቀድሞ በመብላቱ ተቀጣ አሉ። ይሁን፣ ይቅርታ ጠይቀናል። እርስዎ ግን የቤቱ ታላቅ ነዎት። እርስዎ ከማን ቀድመው በሉ?»

 ኦይታ የአገርነሽን እጅ ያዘ። ከእንሰቱ ጀርባ የአለምሰገድ ሚስት የሺመቤት ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌው ወደዚያ ሊቆጣ ዞረ፤ ዓይኑ ግን በጨርቅ በተጠቀለለው የራሱ ጣት ላይ ቀረ። 

«ይህችን ሴት ከየት አመጣሃት?» አለው ወንድሙን።

«ከዱለት ቤት።»

«መልሰህ እንዳትወስዳት።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐኪሟ የምትገኘው በየትኛው ቀን እንደሆነ አገርነሽን ጠየቃት።

ተጋቡ። በሠርጉ ቀን ኦይታ በሁለቱም እግሩ የቆዳ ጫማ አደረገ። አገርነሽ፣ «ሙዝ አጠጪው የት ሄደ?» ብላ በጆሮው ጠየቀችው። ሙሽራዋን ስላገኘ ሥራውን ለቀቀ አላት።

በቀጣዩ መስቀል ቤተሰቡ ሁሉ ኦቾሎ ተሰበሰበ። በመስቀሉ ሰላምታ «ዮ ማስቃላ» እየተባባሉ ተሳሳሙ። በሬው ታረደ። ጉበቱና ኩላሊቱ እንደ ወትሮው በቅድሚያ ወደ አለምሰገድ ቀረበ። ሁሉም እጁን ሰብስቦ ታላቁ እስኪቀምስ ጠበቀ።

አለምሰገድ ሳህኑን በእርጋታ ወደ ጎን አደረገ። ከፊቱ ያለውን የሸክላ ዋንጫ አነሣ። በውስጡ ውኃ ነበር። ሁሉም እያየ ጠጣው። አፉን ጠረገና ዋንጫውን ሞልቶ ለታናሽ ወንድሙ አቀበለው።

ኦይታ ጠጣ። የቀረውን ለአገርነሽ ሰጣት። እሷም እስከ መጨረሻው ጠጣችው።