ከኡናይሲ ኮዳ አንድ ጉንጭ

ኤፔሊ ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሲጠራ፣ ኡናይሲ ክንዴን ጭምቅ አደረገችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ? አመመኝ እኮ!» አልኳት።

«ከጨዋታው በፊት ከኔ ኮዳ ጠጥቷል» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «የጆኔን ዱቄት በጥብጬበት ነበር።»

ክው አልኩ። ጆኔ ሲድኒ የሚኖር የአክስቷ ልጅ ነው። ለገና ወደ ከተማችን ሱቫ ሲመጣ ግማሽ ጣሳ ዱቄት ይዞላት መጣ። በላዩ ላይ አንድም ጽሑፍ የለበት! «ጉልበት ይሰጣል» አላት፣ በቃ። እኛ ዘንድ ደግሞ ዘመድ የሰጠውን «ምን አለበት?» ብሎ መመርመር ነውር ነው። የጠየቀንን መከልከልም እንደዚያው። ኮዳው፣ ጫማው፣ ሳሙናው ሁሉ የጋራ ነው። ከእሷ ጋር አንድ ዶርም የምኖረው እኔ የራሴ የምለው ፎጣ እንኳ የለኝም።

ኡናይሲና ኤፔሊ የተዋወቁት በዩኒቨርሲቲው ካፌ ደጃፍ ነው። እሱ የለጋው የራግቢ ኳስ ትሪዋን መትቶ ካሳቫና ዓሣዋን ሣሩ ላይ ዘራው። የስድብ መዓት አወረደችበት። እሱም የራሱን ምሳ አምጥቶ ሰጣትና ጦሙን አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን ታፈጥብኛለህ?»

«ዓሣዬን ነው የማየው።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይለያቸው! እሷ የሴቶቹ፣ እሱ የወንዶቹ ቡድን ተጫዋች ናቸው። ምርመራው በመጣበት ሰሞን ሁለቱም ለብሔራዊ ቡድን ተመርጠዋል። የኤፔሊ አባትማ ለመንደሩ ሁሉ አውርተው አልጠገቡም። ምርመራው ላይ አንድ ነገር ቢገኝ ልጁ ዓመታት ሊታገድ ነው።

ኤፔሊ ከምርመራው ክፍል ወጣ።

«ምን ጠየቁህ?» ተንደረደረችበት።

«ምን እንደወሰድኩ።»

«ምን አልካቸው?»

«ካሳቫ።»

«አትቀልድ!»

ሳቁ ጠፋ። እኔ መሀላቸው መቆሜ አሳፈረኝ።

«ውሃው ሌላ ነገር እንዳለበት ጣዕሙ ነግሮኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ስምሽን ብጠራ አንቺንም ያግዱሻል። ተይው፣ ምንም ላይሆን ይችላል።»

«ቢሆንስ?»

«እችለዋለሁ።»

«አባትህስ ይችሉታል?»

ኡናይሲ መልሱን አልጠበቀችም። ወደ ክፍሉ ስትራመድ ቀድሟት በሩ ላይ ቆመ።

«ከገባሽ ብሔራዊ ቡድን የሚባለውን እርሺው።»

«ዞር በል።»

«በናትሽ፣ ኡናይሲ…»

«እወድሃለሁ። አሁን ዞር በልልኝ።»

ይህን ቃል ነግራው አታውቅም ነበር። የመረጠችው ሰዓት ደግሞ! ኤፔሊ ከበሩ ላይ ዞር አለ። ገብታ ሁሉንም ተናገረች፤ በማግስቱ ጣሳውንም በገዛ እጇ ወስዳ አስረከበች።

ዱቄቱ ውስጥ የተከለከለ ነገር ተገኘ። እውነቱ ስለወጣ የኤፔሊ ቅጣት ቢቀልም የዚያ ዓመት ጨዋታ አመለጠው፤ እሷም ታገደች። ጆኔ ስልክ ማንሳት ትቷል፤ እሱን ተዉት።

የባሰው የኤፔሊ አባት ነገር ነው። «የዚያች ልጅ ስም እዚህ ቤት እንዳይነሳ» አሉ። ኤፔሊ ዶርማችን ድረስ ቢመላለስም ኡናይሲ አልወጣ አለችው። «መጀመሪያ አባትህ ይቅር ይበሉኝ» ብላ ልካኝ፣ የሱን ፊት ማየት ለኔ ተረፈኝ።

በመጨረሻ አጎቷ ታምቡዋ ይዘው ወደ ኤፔሊ መንደር ወሰዱን። ታምቡዋ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው፤ የበደለ ሰው እሱን ይዞ ደጅ ይጠናል። የተበደለው ከተቀበለ ይቅር አለ ማለት ነው። ካልተቀበለ ሁሉም ነገር አከተመ።

በሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ አቀርቅረን ተቀመጥን። አጎቷ ጥርሱን ዘርግተው ለመኑ። የኤፔሊ አባት እጃቸውን አልዘረጉም። ኤፔሊ አጠገባቸው ከንፈሩን ነክሶ ተቀምጧል።

«ልጅቷ ራሷ ትናገር» አሉ አባትየው።

በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሴት ልጅ አትናገርም። አጎቷ ሳይቀሩ ደነገጡ።

«ልጅዎን የጎዳሁት እኔ ነኝ» አለች ኡናይሲ። «ምንነቱን ሳልጠይቅ ጠጣሁት፤ ሳልነግረው አጠጣሁት። እንዳላየው ከፈለጉ እሄዳለሁ። አልወደውም በይ ግን አይበሉኝ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ጥርሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ይህን ጥርስ ግን ቤቴ አላስቀረውም።»

ሁላችንም ደርቀን ቀረን። ኡናይሲ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሁድ ይዤው እናንተ ቤት እመጣለሁ» አሉ ለአጎቷ። «ልጅቷን ለልጄ ለመለመን ባዶ እጄን አልመጣም።»

«ምግብ አሰርተን እንጠብቅዎታለን» አሉ አጎቷ።