የማለቅለቂያው ውሃ

አጣቢዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቂም በሆዷ ይዛ ኖራለች። በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ለመጨረሻ ጊዜ የተለቀለቀበት ውሃ ጥርት እንዳለ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። «ይሄ እኮ ለሚቀጥለው አንሶላ መዘፍዘፊያ ይበቃል፤ የሚጠራቀምበት በርሜል ስጡኝ» ብላ ሥራ አስኪያጁን ለምናው ነበር።

«እትዬ፣ አንቺ ልብስሽን እጠቢ» አላት። አብረውት የቆሙት ሳቁ። ያ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣም።

ዘንድሮ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ተቀጠረች። ማሽኖቹን እየዞረች በደብተር ስትመዘግብ ሰነበተች፤ አጠገቧ የቆመችውን አጣቢ ግን አንዲት ቃል አልጠየቀቻትም። ከዚያ ያንኑ ሐሳብ ጽፋ አቀረበች። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበላት። በርሜል ቀርቶ ታንከርና ቱቦ መጣ። ውሃ በተቋረጠ ቁጥር ከምድር ቤት በባልዲ ደረጃ ሲወጡ የነበሩት ሴቶች ወገባቸው ቀና አለ።

«የእኔ አፍ ይሸታል እንዴ?» አለች አጣቢዋ ለልብስ ተኳሿ ጓደኛዋ።

«ቅናት ነው የያዘሽ።»

«አዎ ቅናት ነው! የኔን ሲወስዱብኝ እስክስታ ልውረድ?»

ከዚያ ወዲያ የልጅቷ ሳቅ አንገበገባት፤ የጫማዋ ኮቴ እንኳ አስጠላት።

በዚህ መሀል ዩኒቨርሲቲው አንድ ገምጋሚ ላከ። ምሩቆቹ በሥራ ቦታቸው ውሃና መብራት እንዳይባክን ሰው አስተባብረው መምራት መቻላቸውን አብረዋቸው ከሚሠሩት ይጠይቃል። ልጅቷ ገና በሙከራ ላይ ነበረች፤ በሥራው መቆየቷም መባረሯም የሚወሰነው በዚህ ነው።

«ምንም አልሠራችም» አለችው አጣቢዋ። «ቱቦውም ልብስ ያበላሻል።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ቱቦውን አስዘጋ። በማግስቱ ውሃ ተቋረጠ፤ ባልዲው ተመለሰ። ተኳሿ ሁለተኛውን ባልዲ ይዛ ስትወጣ እርጥቡ ደረጃ አንሸራተታት። ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ አበጠ።

«ልጅቷን ልትመቺ ሰንዝረሽ እኔን አገኘሽኝ» አለቻት እያቃሰተች።

አጣቢዋ ዘጠኝ ዓመት የተቆጨችለትን ውሃ በገዛ አፏ ደፋችው። ቅናት እንዲህ ነው፤ ሌላውን ልንጥል ስንል መጀመሪያ የምንረግጠው የራሳችንን ነገር ነው።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁም፣ ገምጋሚውም፣ ልጅቷም ተቀምጠዋል።

«ወንድሜ፣ ያንን የጻፍክበትን ወረቀት አውጣው። ዋሽቻለሁ» አለችው ገምጋሚውን። «ቱቦው ልብስ አያበላሽም። ሐሳቡ የኔም ነበር፤ እኔን ያልሰማኝን ሰው እንዲሰማ ያደረገችው ግን እሷ ናት። ለሥራዋ ሙሉ ነጥብ ስጣት። አንድ ቦታ ላይ ግን ዜሮ አድርግልኝ፤ ማሽኑን ስትመረምር እኔን አልጠየቀችኝም።»

ሥራ አስኪያጁ መስኮት መስኮቱን አየ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ቢሆንም «እውነቷን ነው፣ ጻፈው» አለች።

አጣቢዋ የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ ወርዳ የቱቦውን መዝጊያ በእጇ ከፈተች። ቀና ስትል ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ከኋላዋ ቆማለች።

«እትዬ፣ ሌላስ ምን ይባክናል?»

«ወንበር ሳቢ» አለቻት፤ «የዘጠኝ ዓመት ነው።»