ያልተሟሸው ማሰሮ

አበጋዝ ሸማኔው ሞቶ የተገኘው እግሮቹን ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እንደሰደደ፣ ገና ባልቆረጠው ጋቢ ላይ ተደፍቶ ነበር። ኢንስፔክተር ማዕዶት ከአርባ ምንጭ ተነሥታ ከዶርዜ በላይ ያለችው መንደር ስትደርስ ሕዝቡ ገዳይዋን አግኝቶ ጨርሷል። ሸክላ ሠሪዋ ሻሺቱ ናት፤ ባመጣችው ማሰሮ መርዝ አጠጣችው። ዛሬውኑ ቤቷን አፍርሰው ሊያባርሯት ቆርጠዋል።

ማዕዶት በፖሊስነት ዘመኗ አንድ ነገር ታዝባለች፤ ሰው ሲሞት ቀድሞ ጥፋተኛ የሚሆነው ዘመድ የሌለው ነው። ሸክላ ሠሪን ደግሞ እዚህ ማን ይዛመዳታል? ማሰሮዋን ይገዛሉ እንጂ ከደጃፍ አያሳልፏትም።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ለብቻዋ ወስደው፣ ነገሩ እንዲበርድ ሴትዮዋን አስራ ብትሄድ እንደሚሻል መከሯት። ጥፋተኛ ናት ወይ ብትላቸው፣ እሱን እግዜር ያውቃል አሉ።

«እሱማ ያውቃል። እኔ ሳላውቅ ባስራት ግን ነገ ፊቱ ቆሜ ምን እላለሁ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ሕዝቡ ተመለሱ።

የሟች ሚስት በለጥሽ ከሐዘኗ ይልቅ ንዴቷ ይጮኻል። አበጋዝ፣ አብራን የምትቆርብ ሴት ደጅ አትቀመጥም ብሎ ሻሺቱን ቤት ማስገባት ጀምሮ ነበር። ቅናት እያንገበገባት ነው የተናገረችው። «እኔን ተቀመጪ ብሎኝ በማያውቀው ባለሦስት እግር ዱካ ላይ እሷን አስቀመጣት።» ትናንት ገበያ ውላ ስትመለስ ሬሳ ጠበቃት። ባሏ ቦርዴውን፣ ያንን የእህል መጠጥ፣ በምን ይጠጣ እንደነበር ማዕዶት ጠየቀቻት። በቅል ነው፤ ምሰሶው ላይ ነበር የሚንጠለጠለው፣ አሁን የለም።

ሻሺቱ፣ በለጥሽ ያዘዘቻትን ማሰሮ ባዶውን በር ላይ አስቀምጣ መሄዷን ተናገረች።

ከሟች ጎን በአንድ ዳስ ሸማ የሚሠሩት ጋሽ ዘካሪያስ ግን ሌላ አሉ። ሴትዮዋ ማሰሮውን ቦርዴ ሞልታ ስታመጣ፣ አበጋዝም ከዚያው ጠጥቶ ሲወድቅ በዓይናቸው አይተዋል። ማዕዶት የሟችን ጋቢ እየዳበሰች የእጁ ሥራ እንዴት ያምር ነበር አለች።

«ጥለቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀበል አድርገው። ትንሽ ቆይተው ደገሙት።

ከሟች አጠገብ የተገኘውን ማሰሮ አነሣች። አፉ ላይ ቦርዴ ደርቋል። እጇን አስገብታ ስታወጣ መዳፏ የሸክላ አቧራ ይዟል። ከዚያ ፖሊሶቹን ዳሱን እንዲፈትሹ አዝዛ፣ ሕዝቡን ሽማግሌዎች ወደሚፈርዱበት አደባባይ ወደ ዱቡሻው አስጠራች።

«በለጥሽ፣ አዲስ ማሰሮ እንደገዛሽ ቦርዴ ትሞይበታለሽ?»

«ሳላሟሸው? ጭቃ ጭቃ ይላል እኮ። ያፈሳል ደግሞ።»

«ይኼ አልተሟሸም። ውስጡ አቧራ ነው፣ ቦርዴ የነካው አፉን ብቻ ነው። ስለዚህ አበጋዝ ከዚህ አልጠጣም፤ አንድ ሰው አፉን ቀብቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ሴት ብትሆን እንዲህ አትሳሳትም፤ እዚህ አገር ማሟሸት የማታውቅ ሴት የለችም። ስለዚህ ወንድ ነው። ከዚህ ማሰሮ ሲጠጣ አየሁ ብሎ የነገረኝ ወንድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ዘካሪያስ ዞረ። ማዕዶት ከምሰሶው የጠፋውን ቅል ከከረጢት አወጣች፤ የተባይ መድኃኒት ይሸታል። የተገኘው ዘካሪያስ እግራቸውን ከሚሰዱበት ጉድጓድ፣ ከጭዱ ሥር ነው።

«ጋሽ ዘካሪያስ ማን ላይ እንደምትጥሉት ያውቁ ነበር» አለች ወደ ሕዝቡ ዞራ። «ለዚህ ነው ማሰሮውን የመረጡት።»

ዘካሪያስ አልካዱም። «ፈላጊው ሁሉ አበጋዝን ይላል። እናቴ እንኳ ለፋሲካ የለበሰችው የሱን ነው» አሉ፤ «የኔ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሲወርዱ ከዱቡሻው የተነሣ የለም። ቤት ሊያፈርሱ የመጡት መሬት መሬቱን ያያሉ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ቆመው፣ ቀድሜ የፈረድኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ አሏት ሻሺቱን። እሷ ግን እንደለመደችው ከሰው ራቅ ብላ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

በለጥሽ ወደ ቤቷ ሄደች። ስትመለስ ያንን ዱካ ይዛለች። ከለቀስተኞቹ መካከል፣ ከራሷ አጠገብ አኖረችው።

«ሻሺቱ፣ ነይ» አለቻት። «እሱ ያስቀመጠሽ እዚህ ነው። አብረን እናልቅስለት።»