የተፈነከተው ስም

ድንጋይ ጠራቢው ለጦርነቱ ሟቾች ባቆመው ሐውልት ሥር፣ በገዛ መዶሻው ተፈንክቶ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ አራቴ ደጋግሞታል። የራስ ቅሉ ከኋላ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ደሙ በድንጋይ ዱቄቱ ላይ ወርዶ እንደ ሊጥ ረግቷል። በዚያው ቀን አምስት ሰዓት ላይ ሊመረቅ የነበረው ሐውልት ሸራ እንደለበሰ ነው። የሸራው ታችኛው ጫፍ ግን ተገልቦ፣ የመጨረሻው መስመር በመሮ ተቦድሷል፤ መሮውም እዚያው ወድቋል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ መንደርተኛው ድንጋይ ጨብጦ አንዲት አሮጊት ከብቧል። የሴትየዋ ግንባር ተተርትሮ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ይገባል።

«ወደ ኋላ!» አለች ኢንስፔክተሯ ሽጉጧን አውጥታ። «አሁን የሚወረውር ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

«የከዳተኛው እናት ናት!» ጮኸ አንዱ። «የልጇ ስም አልገባም ብላ ነው! ሻርፗም ከሬሳው ሥር ተገኝቷል!»

ስሞቹን በድንጋዩ ላይ በጠመኔ ጽፎ ለጠራቢው ያስረከበው መምህሩ ጎንበስ ብሎ የተቦደሰውን አየ። «ይሄ መስመር የአሥር አለቃው ወንድም ስም ነበር» አለ።

አሥር አለቃው እዚያው ከሐውልቱ ፊት ቆሞ ነበር። የመንደሩን ወጣቶች አዝምቶ ከተረፉት ጥቂቶች ጋር የተመለሰው እሱ ነው፤ በየዓመቱ ወረቀት ይዞ የሟቾቹን ስም የሚጠራውም እሱ። ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ስም «አለ!» ይላል። የመምህሩን ቃል ሲሰማ እሪ ብሎ ደረቱን ደቃ። ልቅሶው ከአንጀት ነበር። ኢንስፔክተሯ በልቅሶው እውነተኛነት አልተጠራጠረችም፤ የከነከናት የጀመረበት ሰዓት ነው።

አሮጊቷን ወደ ትምህርት ቤቱ ወስዳ ቁስሏን ጠረገችላት።

«እማማ፣ ሻርፑ እንዴት እዚያ ተገኘ?»

«እኔው ነኝ የሰጠሁት፣ ልጄ። ጉልበቱን ድንጋይ እንዳይበላው ተንበርክኮበት ይሥራ ብዬ።»

«ትናንት ተጣልታችኋል ይላሉ።»

«በጥፊ አጮልኩት እንጂ! ከእነ ልጄ ጋር ዘምቶ የለ? አሥራ ሁለት ዓመት አፉን ዘግቶ ከርሞ፣ ትናንት ‹ልጅሽ አልከዳም፤ ቁስለኛ ጥለን አንሄድም ቢል አሥር አለቃው ከኋላው ተኩሶ ጣለው› ሲለኝ ምን ላድርገው? ልሳመው? ከዚያ ‹ስሙን እቀርጻለሁ፤ ለአሥር አለቃውም ነግሬዋለሁ› አለኝ። አቅፌው አለቀስኩ።»

«ይሄንን ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ሊሰማኝ? የከዳተኛ እናት አይደለሁ!»

«ሲሠራ አይተውታል?»

«በየቀኑ። ከታች ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ከላይ ከጀመረማ ፍርፋሪው እየወረደ ጠመኔውን ያጠፋበታል።»

ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ተመልሳ ሸራውን እስከ ላይ ገለበችው። በአናቱ መስመር ላይ፣ ነጭ ዱቄቱ ገና ከፊደሎቹ ያልተራገፈ ስም አለ። ሸራውን መለሰችና ከመምህሩ ባዶ ወረቀት ተቀብላ ጻፈችበት።

አምስት ሰዓት ሲሆን አሮጊቷን ከጎኗ አቁማ መንደሩን ሰበሰበች። «ስም መጥራቱ አይቀርም» ብላ ወረቀቱን ለአሥር አለቃው ሰጠችው። «እንደ ወትሮው ይጥሩ።»

አሥር አለቃው ጉሮሮውን ጠራረገ። ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል ሃያ ሁለቱንም ስም አንድ ሳይስት ጠራ፤ ከየአቅጣጫው «አለ!» ተባለ። ወንድሙ ላይ ሲደርስ ራሱ ጠርቶ ራሱ «አለ!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

«መምህር፣ ወረቀቱን ይዩት። ስንት ስም አለበት?»

የመምህሩ ፊት አመድ መሰለ። «አንድ። የእሳቸው ልጅ ስም ብቻ» አለ ወደ አሮጊቷ እያየ።

«አሥር አለቃው ማንበብ አይችልም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስሞቹን በቃሉ ነው የያዘው። ገዳዩ የመጣው ጠራቢው የጨመረውን ስም ለማጥፋት ነበር። ኋላ የተጻፈ ከታች ይሆናል ብሎ ታችኛውን ቦደሰ። እኚህ እናትም ማንበብ አይችሉም፤ ግን ሰውየው ከታች ወደ ላይ እንደሚቀርጽ ያውቃሉ። ደግሞስ የልጃቸውን ስም የሚቀርጽላቸውን ሰው ለምን ይገድላሉ? ጠዋት ሁላችሁም የተቦደሰውን አይታችኋል፤ አሥር አለቃውም እግሩ ሥር ሲያየው ቆይቷል፣ ጠብ ያለ እንባ ግን አልነበረም። ያለቀሰው የማን ስም እንደሆነ መምህሩ ሲነግረው ነው። አሥር አለቃ፣ የገዛ ወንድምህን ስም ነው የፈነከትከው።»

«ያኔ ልጇን ባልገድለው ሁላችንም እናልቅ ነበር!» አሥር አለቃው መሮውን ከመሬት መንትፎ አሮጊቷ ላይ ዘለለ። ኢንስፔክተሯ ክንዱን በሽጉጧ ሰደፍ መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። በጉልበቱ ወደቀ፤ በደህና እጁ የተቦደሰውን ድንጋይ እየዳበሰ የወንድሙን ስም ደጋግሞ ጠራ። «አለ» የሚልለት አልነበረም።

መምህሩ ሸራውን ጎትቶ ጣለ። አናቱ ላይ ያለውን ስም ከነአባቱ ጮክ ብሎ አነበበ።

ከሰዉ መሐል የአንዱ እጅ ተከፍቶ ድንጋይ መሬት ወደቀ። አሮጊቷ ደም የደረቀበትን ግንባሯን ቀና አደረገች።

«አለ!» አለች።