የፊት ግራው ጎማ

የአቶ ፈቃደ የኤሌክትሪክ መኪና ከሰንጋ ተራ ወደ ጌጃ ሰፈር ሲወርድ የፊት ግራ ጎማው ከነቸርኬው ወለቀና ብቻውን ቁልቁለቱን ወረደ። መኪናው ከመንገድ ዳር ግንብ ጋር ተላተመ። ሰው ተሯሩጦ በሩን ሲከፍት አዛውንቱ መሪውን እንደጨበጡ አርፈው ነበር።

ትራፊክ ፖሊስ የጎማው ብሎኖች ላልተው እንደተፈቱ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ጥፋተኛውን ለመያዝ ደግሞ ጨርሶ አልደከመም፤ ጥፋተኛው በእግሩ መጣለት። አብነት ሰፈር ጎማ ቤት ያለው ጎሚስታው ሙሌ ወሬውን እንደሰማ ከነቱታው ጣቢያ ገብቶ፣ «ትናንት ጎማውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ፈቃደን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለ። እዚያው አስቀሩት።

ኢንስፔክተር ሰብለወንጌል መዝገቡን የተረከበችው በሰልስቱ ጠዋት ነው።

«ያለቀ ነው» አላት አለቃዋ። «ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቺ ማጠቃለያውን ጻፊና አያይዢው።»

ሰብለወንጌል ያለቀ ነገር ሲሰጧት ደስ የማይላት ሴት ናት። ልብስ ሰፊ የጨረሰላትን ቀሚስ እንኳ ገልብጣ ስፌቱን ሳታይ አትከፍልም። ማጠቃለያውን ትታ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወረደች።

ሙሌ ግድግዳው ሥር ኩርምት ብሎ ነበር። ያመጡለትን ምግብ አልነካውም።

«ብሎኖቹን ማጥበቅህን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ ብል ራሴን ለማዳን ይመስልብኛል። መሀል ላይ ባለቤቴ ደወለችልኝ። አውርቼ ስመለስ ሁሉንም አጥብቄያለሁ ብዬ ነው የሸኘኋቸው። አሁን ግን ዓይኔን ስጨፍን የማየው የላላ ብሎን ብቻ ነው።»

«ምን ሊያሠሩ ነበር የመጡት?»

«ጎማ ሊያዘዋውሩ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከባድ ነው፣ አነሳሱም ኃይለኛ ነው፤ የፊት ጎማውን እንደ ሳሙና ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ደህናዎቹን ከኋላ ወደ ፊት ታመጫለሽ... ይቅርታ፣ ያመጣሉ። ጋሼ ፈቃደ ማዘዋወሩንም፣ ባላንሱንም፣ ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገውን አላይመንቱንም ጊዜውን ጠብቀው ያሠራሉ። እያጉረመረሙ ይከፍላሉ እንጂ አይተዉም።»

«ሌላ የሠራህላቸው ነገር አለ?»

«አንዱ ጎማ ሚስማር ወግቶት ነበር። ከውስጥ ለጠፍኩለትና ፊት በግራ በኩል አሰርኩት።» እንባውን በቱታው እጅጌ ጠረገ። «ያ የወለቀው እሱ ነው። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት፤ በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

ሰብለወንጌል ተነሳች። እውነቱን ለመናገር አንጀቷን በልቷታል፤ ግን የሚያለቅስ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ስንት ጊዜ አይታለች። በቀጥታ የተሰባበረው መኪና ወደቆመበት ግቢ ሄደች።

አንድ ፖሊስ በመፍቻ የኋላ ጎማዎቹን ብሎኖች ሞከረ። ፊቱ እስኪቀላ ቢታገልም አልነቃነቃቸውም። የፊት ቀኙን ሲሞክር ግን በጣቱ ዞሩለት። ሰብለወንጌል ጎንበስ ብላ ይህንንና አጠገቡ የተጣለውን የወለቀውን ጎማ አየች። ሁለቱም ሙልጭ ብለዋል፤ በተለይ የውስጥ ጠርዛቸው ሽቦው እስኪታይ ተበልቷል።

«የወለቀውን ጎማ ከቸርኬው አውጡልኝ» አለች።

በአቅራቢያው ካለ ጎሚስታ ዘንድ ወስደው አወጡላት። በባትሪ መብራት ውስጡን ዙሪያውን አየችው፤ አላመነችም፣ በእጇም ዳበሰችው። የተለጠፈ ነገር የለውም። ቀዳዳም የለውም።

ሙሌ ያሰረው ጎማ ይህ አልነበረም። እሱ ካሰረ በኋላ ሌላ ሰው ሁለቱን የፊት ጎማዎች ፈትቶ በሌላ ቀይሯቸዋል። ፍርድ ቤቱ የሚሰየመው ደግሞ ከሰዓት ነው።

የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ሟች በሚኖሩበት የሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ግቢ ነው። በር ላይ ጥበቃውን አገኘችው።

«አደጋው በደረሰበት ዕለት ጠዋት የጋሼ ፈቃደን መኪና የነካ እንግዳ ሰው አይተሃል?»

«ኧረ የለም። ጠዋት በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፣ ተመለሱ። መኪናቸው ቆማ ነበር። ምንም እንግዳ ነገር አላየሁም።»

ድንኳኑ ውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ልጃቸው ሶሲ ሆዷን በእጇ ደግፋለች። ባሏ ባሮክ ውኃ ያቀርባል፣ ወንበር ያስተካክላል፤ እንደ እሱ የደከመ ለቀስተኛ አልነበረም።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለች ሶሲ። «ጠዋት ሆዴን ሲቆርጠኝ ምጥ መሰለኝ። ባሮክ ጋ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። አባባ ጋ ስደውል ‹መጣሁ ልጄ› አለኝ። ጌጃ ሰፈር መኪና መንገዱ ዳር ወጥቼ ስጠብቀው ነበር። ምጡም የውሸት ነበር፤ ተወኝ።» እንባዋን ጠረገች። «ያንን ሙሌ የሚባል ሰው ዓይኑን እንዳያሳዩኝ።»

«ይፈረድበታል፤ እኔ ነኝ እስከ መጨረሻው የምከታተለው» አለ ባሮክ።

«ወይዘሮ ጠጅቱ፣ አቶ ፈቃደን የተቀየመ ሰው ነበር?»

«ጎማ አላውስም ካለ ወዲህ ከጎረቤት ጋር ተኳርፎ ነበር እንጂ ሌላማ ማን ይቀየመዋል?»

«ሰው ጎማ ይዋሳል እንዴ?»

ጎረቤታቸው አቶ ሂርጳ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ሰብለወንጌል «እስቲ መኪናዎን ያሳዩኝ» ብላ ይዛቸው ወጣች።

የአቶ ሂርጳ መኪና ከሟች መኪና ጋር አንድ ዓይነት ናት። አቧራ ለብሳ ቆማለች። አራቱም ጎማዎቿ አልቀዋል፤ ያለቁት ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው።

«ቤንዚን ቀረልን ብለን ስንደሰት ጎማ መጣብን» አሉ አቶ ሂርጳ። «ለዚህ ክብደት የሚሆነው ጎማ ዋጋው አይቀመስም፤ በዚያ ላይ ቶሎ ያልቃል። ማዘዋወር፣ ባላንስ፣ አላይመንት፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ሰው ምን ያደርጋል? ያንን ይዘለዋል። ከዚያ የዓመቱ ምርመራ ሲደርስና ቦሎ ሲያስፈልግ ደህና ጎማ ካለው ጎረቤት ይዋሳል። መኪኖቻችን አንድ ስለሆኑ ከነቸርኬው እዚሁ ግቢ ውስጥ እንቀያየራለን። ጠዋት አስረን ሄደን፣ አልፈን፣ ከሰዓት እንመልሳለን።»

«ይህን ለምን እስካሁን አልተናገሩም?»

«ለፖሊስ? ምርመራውን እያታለልን ነው የምናልፈው ብዬ?»

«አቶ ፈቃደ ለእርስዎም እምቢ አሉ?»

«አሉኝ። ‹በዚህ ጎማ ሰው ትገድላለህ፣ እኔ ተባባሪ አልሆንም› አሉኝ። ተሰዳድበናል፤ አልዋሽሽም። ግን ይኸው፣ መኪናዬን አቁሜ ተቀምጫለሁ።»

ሰብለወንጌል ወደ ድንኳኑ ተመልሳ አብነት ያለውን የሙሌን ጎማ ቤት ማየት እንደምትፈልግ ተናገረችና የሚያደርሳት ሰው ጠየቀች። ከሁሉ ቀድሞ ባሮክ ተነሳ። የእሱም መኪና ከሟች መኪና ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚያሳድረውም እዚሁ አማቶቹ ግቢ ነው፤ ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታቸው መንገዱ መኪና አያስገባም።

መኪናው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ሰብለወንጌል መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን አዲስ ቦሎ አየች። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ የባሮክ መሪ ግን ወደ ግራ ተጣሞ ነው የሚሄደው።

«መሪው ይጎትታል» አለች።

«አላይመንት ላሠራው ስል ጊዜ አጣሁ። ከተበላሸ ቆይቷል።»

«የፊት ጎማዎችህ ግን ደህና ናቸው።»

«ያው... በቅርብ ነው የገዛኋቸው።»

«ሶሲ ስትደውልልህ የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ። ስልኬ ቻርጅ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።»

አብነት ደርሰው ሲመለሱ ባሮክ ወደ ድንኳኑ ገባ። እሷ ለፖሊሶቿ ሁለት ትእዛዝ ሰጠች፤ አንዱ ስለ ባሮክ መኪና፣ ሁለተኛው ስለ ሙሌ። ሰዓቷን ደጋግማ ታይ ነበር፤ ግምቷ ከተሳሳተ ሌላ የምትሄድበት መንገድ የላትም።

ሙሌ እጁ በካቴና ታስሮ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሶሲ ጮኸች። ለቀስተኛው ተንጫጫ። ባሮክ «ይህ ለሐዘንተኛ ክብር ነው?» ብሎ ተነሳ።

«ተቀመጥ» አለችው ሰብለወንጌል። «ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ለቅሶዎን ስላወክሁ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ግን እርስዎ ባሉበት መናገር አለብኝ።»

ወይዘሮ ጠጅቱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ፈቀዱ።

«ሙሌ የፊት ግራውን ጎማ ከውስጥ ለጥፎ ነበር ያሰረው። የወለቀውን ጎማ አስፈትቼ አየሁት፤ የተለጠፈ የለውም። ስለዚህ አቶ ፈቃደን የገደለው ጎማ ሙሌ ያሰረው አይደለም።»

ሙሌ ቀና አለ። ያልገባው ይመስል ነበር።

«ማን ቀየረው? ሁለት ደህና ጎማ የፈለገ ሰው። አቶ ሂርጳ ይፈልጉ ነበር፣ ተጣልተውም ነበር። ግን መኪናቸው ዛሬም የቆመችው በራሷ ያለቀ ጎማ ነው፤ ምንም አልወሰዱም። ደግሞ በሟች መኪና ላይ የተገኙት ጎማዎች የተበሉት በውስጥ ጠርዛቸው ነው። ጎማ እንደዚያ የሚበላው አላይመንቱ በተበላሸ መኪና ላይ ሲሠራ ነው። አቶ ፈቃደ አላይመንት አያሳልፉም። የአቶ ሂርጳም ጎማ እኩል ነው ያለቀው። መሪው የተጣመመው መኪና አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ ተሳፍሬበታለሁ።»

ሶሲ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«አዲስ ጎማ ገዛሁ አለኝ። ያን ያህል ገንዘብ ያወጣ ሰው በተጣመመ መሪ ሲያስበላው ይውላል? ስልኬ ጠፍቶ ነበርም አለኝ። ሶሲ ግን ጠራ፣ ጠራ ነው ያለችኝ። የጠፋ ስልክ አይጠራም።» ወደ በሩ ዞረች። «ጥበቃ፣ እንግዳ ነገር አላየሁም ብለኸኛል፤ ስህተቱ ከጥያቄዬ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ጎማ የፈታ ሰው ነበር?»

«ባሮክ ነበር» አለ ጥበቃው ግር ብሎት። «ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ። እሱ ምን እንግዳ ነው? እዚህ ግቢ ሁልጊዜ ነው ጎማ የሚፈታው።»

አንድ ፖሊስ ከባሮክ መኪና የፈታውን ጎማ እያንከባለለ አስገባ። ከቸርኬው ወጥቷል። ሰብለወንጌል ጠርዙን ሳብ አድርጋ ለሙሌ አሳየችው።

«የእኔ ልጥፍ ነው» አለ ሙሌ። «ይኸው፣ የሚስማሩ ቀዳዳ።»

ባሮክ ወደ ሶሲ ዞረ።

«አባባን ልጎዳ ብዬ አይደለም! ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉኝ። ምርመራውን ካላለፍኩ ሥራ አልሠራም፤ ልጅ ሊወለድብኝ ነው። ጠዋት ቀይሬ ከሰዓት ልመልስ ነበር፤ ሳያውቁት። ያንን ቀን መኪናውን አያወጡም መስሎኝ ነበር። መኪናዋ እንድትቆም ብቻ ብዬ ነው የእኔን ጎማ ያሰርኩላት። ከሰዓት የምፈታው ነው ብዬ ብሎኑን... በእጄ ብቻ ነው ያዞርኩት።»

«ስደውልልህስ?» አለች ሶሲ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ስልክህ እጅህ ላይ ነበር?»

«የምርመራ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።»

«አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።» ፊቱን ሸፈነ። «አባትሽ ጎማው መቀየሩን አይተው የነገሩሽ መሰለኝ። ልትቆጪኝ የደወልሽ መስሎኝ ነው ያላነሳሁት።»

ሶሲ ዓይኗን ከባሏ ላይ አንስታ መሬት መሬት አየች፤ ከዚያ በኋላ ወደ እሱ አልተመለሰችም።

«ስለ ጎማው ሕግ ይጠይቅሃል» አለችው ሰብለወንጌል። አሁን መቆጣቷን አልደበቀችም። «ይህ ሰው ግን ነፍስ አጠፋሁ ብሎ እህል ውኃ ሲተው፣ አንተ እውነቱን እያወቅህ ይፈረድበት ስትል ነበር።»

ወይዘሮ ጠጅቱ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ «ሂድ ልጄ» አሉት። «ሂድና እንዳለ ተናገር። የሚወለደው ልጅ አባቱ የዋሸ እንዳይሆን።»

ባሮክን ይዘውት ወጡ። የሙሌን ካቴና ሲፈቱለት ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ያሰርኩት አልላላም ማለት ነው?»

«አልላላም። በደንብ አጥብቀኸው ነበር።»

«እስቲ ለሶሲ ይንገሩልኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሶሲ። በስንት መከራ ተነስታ እጁን ያዘች፤ ይቅርታ ልትለው ፈልጋ ቃሉ አልወጣላትም። ጎትታ በእናቷና በእሷ መካከል አስቀመጠችው። ሙሌ እዚያ ጣቢያ ውስጥ ሲያለቅስ የሰነበተው ለራሱ ጥፋት ነበር፤ ለሰውየው ሊያለቅስ አልደፈረም። አሁን ከአንድ ለቀስተኛ ነጠላ ተቀብሎ ወገቡን አሰረና፣ «ጋሼ ፈቃደ፣ ጋሼ ፈቃደ» እያለ እንደ ማንኛውም ወዳጅ አለቀሰላቸው።